የፍቅር ድራማውና የቤታችን ዝምታ



ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለችው ጊዜ በሙስሊም ቤት የምን ጊዜ ነበረች? ልጆች ቁርኣን የሚቀሩባት፣ አባት ከገበያ ተመልሶ አረፍ የሚልባት፣ በመንዝና በግሼ ደጋ ደግሞ ብርዱ ቤተሰቡን አንድ ምድጃ ዙሪያ የሚሰበስብባት ነበረች። ዛሬ ቴሌቪዥን በገባበት ቤት ይህችን ጊዜ ማን እንደወሰዳት ታውቃላችሁ።

ነገሩ ከእኛ አልጀመረም። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ኤም ቢ ሲ የተባለው የሳዑዲዎች ጣቢያ አንድ የቱርክ ተከታታይ ድራማ በሶሪያ ዐረብኛ ድምፅ «ኑር» ብሎ አሳየ። በአገሩ ያን ያህል ያልገነነው ይህ ድራማ፣ የመጨረሻ ክፍሉን ጣቢያው እንዳለው 85 ሚሊዮን ሰው ተመለከተለት። የሳዑዲ ዋና ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ እንዲህ ያሉትን ድራማዎች ማየት እንደማይፈቀድ ተናገሩ። ሰው ግን ማየቱን አልተወም። ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ሄደው በዐረብ ቤት ይሠሩ የነበሩ እህቶቻችንም ሳሎን ሲጠርጉ አይተውት ይሆናል።

በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞልን መጣ። «ኩዜይ ጉኔይ»ን አስታውሱ፤ ሁለት ወንድማማቾች አንዲት ልጅ ያፈቅራሉ። ሁለት ወንድማማቾች! በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ተቀምጦ በአንድ ቀን የሚዘጋው ነገር 80 ክፍል ሆነ። የአገራችን አርቲስቶች ያኔ ሥራችን ተወሰደ ብለው ተቃወሙ። የእኛ አቤቱታ ግን ሌላ ነው።

ስለ ዓይን ጉዳይ ብዙ አልልም፤ ሱረቱን ኑር ወንዱንም ሴቷንም ዓይናችሁን ዝቅ አድርጉ ብሎ አዟል፤ ይህ የታወቀ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ስሙ ነው። የ«ኑር» ባል በቱርክኛው መሕመት ነበር፤ በዐረብኛው ሙሀነድ አሉት። በዚያ ቤት ረመዳን ይጾማል፣ በሌላው ቀን ከእራት ጋር ወይን ይጠጣል፣ ያለ ኒካሕ ይወለዳል። የምዕራቡን ፊልም ያየ ልጅ «የእነሱ ነው» ይላል። ይህንን ሲያይ ግን ስሙ የአጎቱ ስም፣ ሰላምታው የቤቱ ሰላምታ፣ አያቱም እጃቸው የሚሳም ሽማግሌ ናቸው። «እንዲህም ሙስሊም መሆን ይቻላል» ብሎ ቢያስብ ማን ይመልሰዋል?

ድራማ ሁሉ አንድ ነው አልልም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 «ኦሺን» የሚባል 297 ክፍል ሠርተው ነበር፤ በ7 ዓመቷ ስለ አንድ ጆንያ ሩዝ ለሰው ቤት ሥራ የተሰጠች የድሃ ልጅ ታሪክ ነው፤ ኢራንን ጨምሮ ብዙ የሙስሊም አገሮች አይተውታል። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ታሪክ ከእኛ በላይ ማን ዘንድ ሞልቷል? ታዲያ የእኛን እህቶች ታሪክ ትተን የኢስታንቡልን ባለ ቪላ እናለቅስለታለን።

እህቴ ሆይ! በድራማው ላይ ያለው ባል ሽንኩርት ሲገዛ አይተሽው ታውቂያለሽ? ከሥራ ደክሞ ገብቶ እንቅልፍ የጣለው ቀን አለ? እሱ ደመወዝ የሚከፈለው ሚስቱን በዓይኑ እንዲያይ ነው። በዚያ ሚዛን የአንቺን ሰው ከመዘንሽው ቀሎብሽ ያድራል፤ ጥፋቱ ግን የሚዛኑ ነው።

ወንድሜ ሆይ! አንተም «ሴቶቹን ያበላሻቸው ቴሌቪዥን ነው» ብለህ እንዳታመልጥ። ያ ድራማ ቤትህ የገባው ባዶ ቦታ አግኝቶ ነው። ሚስቲቱ ሲናገሩ የሚያዳምጥ ወንድ ያየችው እዚያ ብቻ ከሆነ፣ ሪሞቱን ብትነጥቃት ምን ትሰጣታለህ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል፤ ቤታቸው ሲገቡ የቤተሰባቸውን ሥራ ያግዙ ነበር፤ ስሟን አሳጥረው «ዓኢሽ» ብለው ይጠሯት ነበር። ይህ ሱና ነው፤ ጺምን ስናሳድግ የምንጠቅሰው ያው ሱና። አንተ «አንቺ» እና «የልጆቹ እናት» ከማለት ሌላ ባለቤትህን በስሟ ከጠራሃት ስንት ጊዜ ሆነህ?