የዒድ ሸርጣንና የቤይሩት ባሕር

የሊባኖስ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2019 መገባደጃ ጀምሮ ከዘጠና በመቶ በላይ ዋጋውን ካጣ ወዲህ፣ በቤይሩትና በዙሪያዋ ለሚኖር ዝቅተኛ ደመወዝተኛ የዒድ ገበታ ቀላል ወጪ አይደለም። በግ መግዛት ለብዙዎች የማይታሰብ ሆኗል፤ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋም ከቤት ሠራተኛ ወርሃዊ ገቢ ላይ ጎልቶ የሚታይ ቁራጭ ይወስዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ባሕሩ ዋጋ የማይጠይቅ ጓዳ መስሎ ይታያል። ፋኖስና ባልዲ የያዘ ሰው በአንድ ሌሊት ለስድስትና ለሰባት ሰው የሚበቃ ሸርጣን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ሁለተኛው ነው፤ ይሁን እንጂ አስቀድሞ ስለ ሸርጣኑ ጥቂት ማለት ተገቢ ይሆናል።

ዛሬ ከሊባኖስ ዓሣ አስጋሪዎች መረብ ውስጥ በብዛት የሚወጣው ሰማያዊ ሸርጣን የዚህ ባሕር ተወላጅ አይደለም። ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ ስደተኛ ነው። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ በኋላ ወደ ሰሜን ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1898 በግብፅ ጠረፍ መታየቱ ተመዘገበ፤ ከዚያም በምሥራቁ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ሁሉ ተሠራጨ። ቱኒዝያ ውስጥ በዐሥር ዓመታት ግድም ጊዜ እንዲሁ በዝቶ መረቡን ሲቆራርጥና ዓሣውን ሲበላ የተመለከቱ አስጋሪዎች «ዳዒሽ» የሚል ስም አወጡለት፤ በኋላ ግን ያንኑ ጠላት ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ሸቀጥ አደረጉት። ከምፅዋና ከአሰብ ማዶ ካለው ውኃ ተነሥቶ ቤይሩት የደረሰ ፍጡር በቤይሩት ባለ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ገበታ ላይ ቢገኝ የሚያስገርም ነገር የለውም። ከዚህ እንግዳ በተጨማሪ ደግሞ በጠረፉ ዐለት ስንጥቆች ውስጥ የሚኖር፣ ወፍራም መቆንጠጫ ያለው የአገሬው ሸርጣን አለ። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ለሸሪዓውም ለደኅንነቱም ልዩነት አላቸውና።

ስለ ሸርጣን መብላት ያለው ክርክር አሮጌ ነው። በሐነፊው መዝሀብ ከባሕር እንስሳት የሚበላው ዓሣ ብቻ በመሆኑ ሸርጣን አይፈቀድም። ማሊኪው ይፈቅዳል። በሻፊዒው መዝሀብ ግን ነገሩ ከአንድ ቃል አያልቅም፤ ኢማም አን-ነወዊ «ሚንሃጅ» በተባለው መጽሐፋቸው ሸርጣንን በየብስም በባሕርም ከሚኖሩት ጋር ቆጥረው ከልክለዋል፤ «መጅሙዕ» በተባለው ሰፊ ሥራቸው ደግሞ ከባሕር እንስሳት የሚከለከለውን እጅግ አጥብበዋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ከውኃ ወጥቶ መኖር የማይችለውን ዋናተኛ ሸርጣን ከዚያ ክልከላ ውጭ ያደርጉታል። የኢንዶኔዥያ ዑለማ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2002 ሸርጣን ሐላል መሆኑን የሚገልጽ ፈትዋ አውጥቷል። በጀዕፈሪው መዝሀብ፣ ማለትም በደቡባዊው የቤይሩት ዳርቻ በሚኖረው አብላጫ ሕዝብ ዘንድ፣ ቅርፊት ካለው ዓሣና ከሽሪምፕ በስተቀር የባሕር እንስሳ አይበላም። ስለዚህ አንዲት ከሐረር የመጣች ሻፊዒ፣ አንዲት ከወሎ የመጣች ሐነፊና የዳሒያ ነዋሪ የሆነች አሠሪያቸው በአንድ ወጥ ቤት ቢገናኙ ስለ አንድ ሸርጣን ሦስት ፍርድ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሦስቱም ከየመጽሐፋቸው አልወጡም። ይህን ልዩነት የዒድ ጠብ ማድረግ አላዋቂነት ነው። ሁሉም መዝሀቦች ያለ ልዩነት የሚስማሙበት ነገር ግን አለ፤ ሰው ነፍሱን በገዛ እጁ ወደ ጥፋት እንዳይጥል ታዟል።

ወደ ባሕሩ እንመለስ። ከረውሻ እስከ ዓይን ምረይሴ ባለው ጠረፍ ላይ ዐለቱ ጠፍጣፋ ደረጃ ሠርቶ ወደ ውኃው ይገባል። ይህ ደረጃ በቀን ሲታይ የተነጠፈ ወለል ይመስላል፤ በላዩ ላይ የበቀለው አረንጓዴ አልጌ ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የሜዲትራኒያን ባሕር ሙላትና ጉድለት እንደ ውቅያኖሱ ትልቅ አይደለም፤ ከፍታው በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ሸርጣን አዳኙ ውኃው ቀስ በቀስ ሲነሣ አይቶ የሚሸሽበት ጊዜ አያገኝም። የሚወስደው ሙላት ሳይሆን ማዕበል ነው። ሩቅ ባሕር ላይ የነፈሰ ነፋስ ያስነሣው ሞገድ ቤይሩት ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንኳ ይደርሳል፤ ዐሥር ትንንሽ ሞገዶች ካለፉ በኋላ ዐሥራ አንደኛው ወገብ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ፋኖሱን ወደ ስንጥቁ አዘንብሎ፣ ጀርባውን ለባሕር ሰጥቶ የጎነበሰ ሰው ደግሞ ይህን አያየውም። የዐለቱ ሸርጣን የሚታደነው እንዲህ ባለው አኳኋን ነው።

ረጅም ልብስ የለበሰች ሴት ከዐለቱ ብትወድቅ ዓባያዋ ውኃ ጠጥቶ እጥፍ ድርብ ይከብዳታል፤ እግሯንም ይጠመጥማል። ይህ ልብሱን የሚነቅፍ አስተያየት አይደለም፤ ልብሱን ለለበሰችው ሴት የተሰጠ ማሳሰቢያ ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከባሕር የራቀ የደጋ ሰው መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሐይቅንና ጣናን ያየ ሁሉ ዋና አይችልም፤ የሐይቅ ዋናም ቢሆን ዐለት ላይ ከሚሰበር የባሕር ማዕበል ጋር አያስታግልም።

ጀልባው ሌላ ምዕራፍ ነው። በዒድ ቀናት በረውሻ ዐለቶች ሥር ባለችው በዳሊያ ትንንሽ ጀልባዎች ሰው እየጫኑ በዐለቱ ቅስት ውስጥ ያልፋሉ፤ መዝናኛነቱ የታወቀ ነው። ሊባኖሳውያን «ፍሉካ» የሚሏት ይህች ጀልባ መረብና ሦስት አራት አስጋሪ እንድትይዝ የተሠራች ናት። ዐሥራ አምስት ሰው ሲጫንባት የውኃው ጠርዝ ወደ አፏ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁሉም ፎቶግራፍ ለመነሣት በአንድ ጎን ሲቆሙ ጀልባዋ ታዘነብላለች፣ ውኃ ይገባባታል፣ የገባው ውኃ ወደዚያው ጎን ይንዶለዶላል፣ ትገለበጣለች። ማዕበል እንኳ አያሻም። ሞተሩ ከዐለቱ አጠገብ ቢጠፋ ደግሞ ከዐለቱ የሚመለሰው ሞገድና ከባሕር የሚመጣው ሞገድ ተገናኝተው ጀልባዋን በመካከላቸው ይንጧታል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት መቀመጫ ሥር ተጠቅልሎ ከተቀመጠ የለም ማለት ነው፤ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ጃኬት ፈልጎ፣ ፈትቶ፣ አስሮ አይለብስም። ልብሱ የሚለበሰው እግር ጀልባ ከመርገጡ በፊት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀን መቁጠሪያው ጥቂት የሚሰማ የለም እንጂ ነገሩ ከሁሉም ይከፋል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ያንሳል። ዒድ አልፈጥር እ.ኤ.አ. በ2022 ግንቦት መባቻ ላይ ውሏል፤ በ2025 መጋቢት መጨረሻ ላይ ነበር፤ በ2028 እና በ2029 በየካቲት ውስጥ ይገባል። በግንቦት ልጆቿን ይዛ ጀልባ የተሳፈረች እናት ለስላሳውን ባሕር አይታለች። በየካቲት የምታገኘው ባሕር ግን የክረምት ባሕር ነው፤ የሊባኖስ ታላላቅ ማዕበሎች የሚመጡትም በእነዚሁ ወራት ነው። ውኃውም ይቀዘቅዛል፤ ዋና የሚችል ሰው እንኳ በድንገት ቢገባበት ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ እጁ ይደነዝዛል። «ከዓመታት በፊትም ሄደን ነበር» የሚለው መተማመኛ ስለዚህ ባዶ ነው። ያን ጊዜ የነበረው ዒድ ሌላ ወቅት ነበር።

ይህ ባሕር ኢትዮጵያውያንን ያውቃቸዋል። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2010 ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በዝናብና በነጎድጓድ ሌሊት ከናዕሜ ፊት ለፊት ባሕር ውስጥ ገብቶ የተሳፈሩት 90 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። ከእነርሱ መካከል በሰው ቤት ሲያገለግሉ ቆይተው ወደ እናት አገራቸው ይመለሱ የነበሩ ሴቶች ነበሩ። በረመዳን የመጨረሻ ዐሥር ቀናት ውስጥ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2022 ሌሊት፣ ከትሪፖሊ አጠገብ የተነሣች ከአቅሟ በላይ የጫነች ጀልባ ሰጠመች፤ በርካታ ሊባኖሳውያን፣ ሶርያውያንና ፍልስጥኤማውያን ከነልጆቻቸው ሞቱ። የተረፉት የባሕር ኃይል ጀልባ ገጭታናለች ብለው ከሰሱ፤ ጦሩም አስተባበለ። ዒዱ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ከተማይቱ ሐዘን ተቀመጠች። ከወሎና ከሌላውም አገር በጅቡቲና በሶማሊያ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩ ወጣቶችን የሚያስታውስ ቤተሰብም ብዙ ነው፤ ሰኔ 2024 ላይ 260 ሰው ጭና የመን ጠረፍ ላይ በተገለበጠችው ጀልባ 49 ሰዎች ሞተው ተገኝተዋል፣ ከመቶ በላይ የደረሱበት ጠፍቷል። እነዚህ በግዳጅ የተገባባቸው ጉዞዎች ናቸው። ለሸርጣንና ለፎቶግራፍ የሚደረገው ጉዞ ግን ግዳጅ የለበትም፤ ከዚህ የተነሣ ሊቀር የሚችል ሞት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በተሳፋሪዎች ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። ከስምንት ሰው በላይ የማትችል ጀልባ ላይ ሃያ ሰው የሚጭነው ባለ ጀልባ ነው። ወደቡን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን በዒድ ማለዳ በቦታው ካልተገኘ፣ ፈቃድ መስጠቱ ብቻውን ሥራ አልሠራም። ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ፤ በከፋላ ሥርዐት የምትኖር ሠራተኛ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ከዚያ ቤት ወጥታ በግሏ የምትሠራ ከሆነም የመኖሪያ ወረቀት ላይኖራት ይችላል። እንዲህ ያለች ሴት ጓደኛዋ ከዐለት ስትወድቅ ስልክ ለመደወል ታመነታለች፤ ነፍስ አድን ሠራተኛ ሲመጣ ፖሊስም አብሮ ይመጣል ብላ ትፈራለች። ባሕር ውስጥ ላለ ሰው ያች ማመንታት ሁለት ደቂቃ ብትሆን ብዙ ናት። የሊባኖስ ሲቪል መከላከያ ስልክ 125፣ የቀይ መስቀል ደግሞ 140 ነው፤ የነፍስ አድን ሥራ ከወረቀት ጥያቄ እንዲለይና ይህም ለስደተኛው ሁሉ በየቋንቋው እንዲነገር የሚያደርግ ግልጽ መመሪያ ማውጣት ለመንግሥት አንድ ብር አያስወጣውም። በጥቅምት 2024 የጦርነት ቀናት ከአሠሪ ቤት ተጥለው በባሕር ዳር ጎዳና ያደሩ ስደተኛ ሠራተኞች ታይተዋል፤ ያን ጊዜ ያልጠየቃቸው ሁሉ ዛሬ ወረቀት ሊጠይቃቸው አይገባም።

የቆሻሻው ነገርም አለ። በደቡብ ዳርቻ የገዲር ወንዝ ያልተጣራ ፍሳሽ ይዞ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወደ ባሕር ይገባል፤ በዚያው አቅራቢያ ኮስታ ብራቫ የተባለው የቆሻሻ መጣያ አለ፤ በስተሰሜን የቡርጅ ሐሙድ ክምር አለ። ረምለት አል-በይዳም ቢሆን የሊባኖስ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው የባሕር ጥራት ምዘና ላይ ከተበከሉት መካከል ሲጠቀስ የቆየ ነው። ሸርጣን የሞተና የበሰበሰ የሚበላ እንስሳ በመሆኑ ከእነዚህ ቦታዎች የተያዘውን ለልጅ ማብላት አይመከርም። በተለይ መረብ ውስጥ ገብቶ የሚገኘው ሆዱን የሚነፋ ዓሣ በሙቀት የማይጠፋ መርዝ አለው፤ ቢቀቀልም ቢጠበስም ይገድላል።

ሸርጣን መብላት ለፈለገ ቤተሰብ አማራጩ ሩቅ አይደለም። በኦውዛዒ፣ በዶራና በዓይን ምረይሴ ወደቦች አስጋሪዎች ንጋት ላይ መረባቸውን ሲያራግፉ ሰማያዊው ሸርጣን ሳይፈለግ ይወጣል፤ ለብዙዎቹ መረባቸውን የሚቀድ ጣጣ ነውና ከሌላው ዓሣ ይልቅ በቀላሉ ይሸጡታል። አምስትና ስድስት ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ ከዒድ ዋዜማ በፊት አንዱን አስጋሪ ቢያነጋግር፣ የት እንደያዘው ቢጠይቀው፣ በእንቁላል የተሞላችውን እንስት ተመልሳ ባሕር እንድትገባ ቢያደርግ፣ ገበታው ይሞላል። ለልጆቹ ጀልባ የግድ ከሆነም፣ ባለ ጀልባው ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሚሆን ጃኬት ከሌለው ገንዘቡ በኪስ ይቆይ፤ ዒዱ ሦስት ቀን ነው፣ የኮርኒሹም መንገድ ሰፊ ነው።