እጅዎን ከመሪው ሳያነሡ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ሄደው ያውቁ ይሆናል። ከፊት በግ የሚነዳ ልጅ አለ፤ ከኋላ የጭነት መኪና ይከተላል፤ ራዲዮውም በዚያችው ሰዓት ጣቢያውን ስቶ መንጫጨት ይጀምራል። ታዲያ ሾፌሩ ምን ያደርጋል? እጁን ይዘረጋል፤ ዐይኑንም ከእጁ ጋራ ይልካል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ያችን ትንሽ ቁልፍ ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ሰከንድ የፈጀበት እንደ ሆነ፣ ከ33 ሜትር የማያንሰውን መንገድ ሳያይ አለፈ ማለት ነው። ይህን ያህል ርቀት ዐይንዎን ጨፍነው እንዲነዱ ቢጠየቁ እሺ የሚሉ አይመስለኝም።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ድምፅ መጨመሪያውና መቀነሻው፣ ጣቢያ መለወጫውም ጭምር በመሪው ላይ ከአውራ ጣት አጠገብ ስለ ተደረገ ነገሩ ቀልሏል። ጭንቁ ያለው በአሮጌው ፒክአፕ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ሃይሉክስን እንውሰድ። በ1968 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከወጣ ወዲህ መልኩን እየለዋወጠ እስከ ዛሬ ደርሷል፤ በአገራችንም ከመሥሪያ ቤት ግቢ አንሥቶ እስከ እርሻ ማሳ ድረስ እናየዋለን። ሞተሩ ገና ጉልበት ያለው መኪና መሪው ላይ ቁልፍ ስለ ሌለው ብቻ አርጅቷል አይባልም። ቁልፉን መጨመር ይቻላልና። (መኪናው የመሥሪያ ቤት እንደ ሆነ ግን አስቀድመው የስምሪት ክፍሉን ያስፈቅዱ።) ዳሩ ግን ገንዘብዎን ይዘው ወደ ሶማሌ ተራ ከመሮጥዎ በፊት የነገሩን አሠራር ይወቁት፤ ያላወቀ ሰው የማይሠራለትን ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል።

መሪው ላይ አምስት ወይም ስድስት ቁልፎች ይኖራሉ፤ ከእነርሱ ወደ ራዲዮው የሚሄዱት ሽቦዎች ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። ታዲያ ራዲዮው የትኛው ቁልፍ እንደ ተነካ በምን ያውቃል? ምስጢሩ ያለው በትምህርት ቤት በተማርነው በኦም ሕግ ውስጥ ነው። ከያንዳንዱ ቁልፍ ጋራ የኤሌክትሪክን ጉዞ የምታግድ ሪዚስተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ተያይዛለች፤ የማገድ ኀይሏም ከቁልፍ ቁልፍ ይለያያል። ራዲዮው በውስጡ ባለ 1,000 ኦም ሪዚስተር በኩል 5 ቮልት ይልካል እንበል። 250 ኦም ያለበትን ቁልፍ ቢጫኑ በሽቦው ላይ 1 ቮልት ይገኛል፤ 1,000 ኦም ያለበትን ቢጫኑ 2.5 ቮልት፤ 4,000 ኦም ያለበትን ቢጫኑ ደግሞ 4 ቮልት። ራዲዮው ይህን ልዩነት እየለካ፣ «1 ቮልት ሲመጣ ድምፅ ልጨምር፤ 4 ቮልት ሲመጣ ጣቢያ ልለውጥ» እያለ ይታዘዛል። ጌዎርግ ኦም ይህን ሕግ በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሲያስረዳ፣ ምርመራውን ያደረገው በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ሳለ ነበር። ሕጉ ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ የሚመስላቸው ተማሪዎች አንድ ቀን ይህን መሪ ፈትተው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

የሚከብደው ሌላው ነገር ነው። መሪው ይዞራል፤ ሥሩ ያለው አካል ግን አይዞርም። ተራ ሽቦ ቢዘረጉበት በጥቂት ቀን ተጠምዝዞ ይበጠሳል። ስለዚህ በመሪው ሥር እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ገመድ በክብ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ መሪው ሲዞር እርሱም ይጠቀለላል፣ ይፈታልም። ቁልፍ ሳይኖረው ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ይህ ገመድ የጥሩምባውንና የኤርባጉን መሥመር ብቻ ይዞ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቁልፎቹን ብቻ መግዛት ከንቱ ነው፤ ከዚያው ሞዴል ባለ ቁልፉን መኪና ገመድ ጭምር ማግኘት ያሻል። ሲገጠምም የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ገመዱም ልክ መካከሉ ላይ ሆኖ መሆን አለበት፤ አለዚያ መሪው እስከ መጨረሻው በዞረ ቀን ይበጠሳል።

ራዲዮውንም ይመርምሩት። ከጀርባው «ኪይ 1»፣ «ኪይ 2» ተብሎ የተጻፈባቸው ሽቦዎች ያሉት እንደ ሆነ ቁልፎቹን ይቀበላል። ሌሎቹ ትንሽ ክብ መሰኪያ ብቻ ስላላቸው በመካከል አስተርጓሚ ዕቃ ይፈልጋሉ። የጥንቱ የካሴት ቴፕ ግን እንዲህ ያለ መቀበያ ስለሌለው ምንም ቢያደርጉለት አይሰማም።

አሁን ወደ አደገኛው ቦታ ደረስን። መሪው መካከል ኤርባግ ካለ፣ እዚያ ውስጥ የተቀመጠው ፈንጂ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዐይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ይነፋል፤ ፊቱን ደፍቶ ሽቦ የሚፈልገውንም ሰው አይምረውም። ባትሪው ስለ ተነቀለ ብቻ ወዲያው አይረጋም፤ በግጭት ጊዜ ባትሪው ቢበጠስ እንኳ እንዲሠራ ጥቂት ኤሌክትሪክ በውስጡ ያጠራቅማልና። የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት የባትሪው ኔጌቲቭ ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ እንዲጠበቅ ያዛሉ፤ ዐሥር ደቂቃ ቢጠብቁ ደግሞ የሚጎዳዎ ነገር የለም። ቢጫ መሰኪያ ያላቸው ሽቦዎች የኤርባጉ ናቸውና በኦም መለኪያ አይንኳቸው፤ ከመለኪያው የሚወጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላል። ጋራዥ ሲሄዱም ባለሙያው ባትሪውን ሳይነቅል መሪውን መፍታት የጀመረ እንደ ሆነ፣ አመስግነው መኪናዎን ይዘው ይመለሱ።

ኤርባግ ለሌለው አሮጌ ፒክአፕ እኔ የምመርጠው ሌላ ነው። በመሪው ክብ ላይ በማሰሪያ የሚጠብቁ፣ በሳንቲም መሳይ ባትሪ የሚሠሩ ሽቦ አልባ ቁልፎች አሉ፤ ተቀባያቸው ከራዲዮው ጀርባ ከነዚያው «ኪይ» ከተባሉት ሽቦዎች ጋራ ይገናኛል። መልካቸው አያምርም፤ መሪውን ከመፍታት ግን ያድናሉ። ጥብቅ ብለው መታሰራቸውንና፣ መሪው በእጅዎ ውስጥ ሲንሸራተት እንዳያደናቅፉ መሆናቸውን ይመልከቱ።

ሥራው ሲያልቅ መኪናው እንደ ቆመ ራዲዮውን ቁልፍ በቁልፍ ያስተምሩት። ከዚያ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞሩ ሁሉንም ይጫኑ፤ ጥሩምባውንም ይሞክሩ። ኤርባግ ያለው ከሆነ ሞተሩ ሲነሣ የሚበራው የኤርባግ መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፣ ራዲዮው የቱንም ያህል ቢዘፍን መኪናውን ከጋራዡ አያውጡት።