ድምፅ በውርስ አይገኝም

በዌልስ ሌበር ፓርቲ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእያንዳንዱ የብሪታንያ አጠቃላይ ምርጫ አንደኛ ሲወጣ ኖሯል። የከሰል ማዕድን ሠራተኛው አያት የመረጠውን የልጅ ልጁም ይመርጥ ነበር። በኦክቶበር 2025 በኬርፊሊ በተካሄደው የማሟያ ምርጫ ግን የዌልስ ብሔርተኛው ፕላይድ ከምሪ በ47 በመቶ አሸነፈ። ስደተኞችን መቀነስ ዋና አጀንዳው የሆነው ሪፎርም 36 በመቶ ሲያገኝ፣ ሌበር በ11 በመቶ ሦስተኛ ሆነ።

«መራጩ ከዳ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። መቶ ዓመት የተሸከመ ድልድይም ይፈተሻል፤ ዕድሜው ብቻ ለጥንካሬው ማስረጃ አይሆንም። ያልተፈተሸ ድልድይ ሲሰበር ግን የሚጎዳው ተሻጋሪው ነው፤ የተከፋ መራጭ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅምና።

ድምፅ አማና ነው። የማኅበራችንን አመራር ስንመርጥም «ድሮም እነሱ ናቸው» ከማለት «ምን ሠሩ?» ብለን እንጠይቅ።