«ፍሪ» መሆንና ነጻ መውጣት

በሐረር አጠገብ ያለው ድሬ ጠያራ ስሙን ከሁለት ቋንቋ አግኝቷል። ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ፥ ጠያራም በዐረብኛ አውሮፕላን ማለት ነውና። ይህን የሚነቅፍ ሊቅ የለም፤ አዲስ ነገር ከነስሙ ቢገባ ለእንግዳ ስፍራ መስጠት ተገቢ ነው። የሚነቀፈው እንግዳው ባለቤቱን ከቤቱ ሲያስወጣ ነው።

ዛሬ የከተማ ሰው ሥራ ባይዝ «ፍሪ ነኝ» ይላል፤ ያለ ዋጋ የተሰጠውንም «ፍሪ ነው» ይለዋል፤ ሳያፍር የሚናገረውን ሰው ደግሞ «ፍሪ ነው» እያለ ያመሰግነዋል። በአማርኛ ግን የፊተኛው ጊዜ አለው ይባላል፤ ሁለተኛው በነጻ ተሰጠ ይባላል፤ ሦስተኛውም እንደ ጠባዩ ግልጥ ወይም ዐይን አውጣ ይባላል። ሦስቱ በአንድ ቃል ሲጠቀለሉ ምስጋናና ነቀፋ ይደባለቃሉ። ጥፋቱ የእንግሊዞች አይደለም፤ እነርሱስ ፍሪደምና ሊበርቲ የሚሉ ቃላት አሏቸው። ጥፋቱ ቍራሹን ተበድሮ የራሱን ሙሉ እንጀራ የሚጥለው ሰው ነው።

አንዳንዶች «መግባባት ከተቻለ ቃል ምን ይጐዳል?» ይላሉ። ጕዳቱ እንዲህ ነው። ነጻ የሚለው ቃል ነጽሐ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ጋራ ስለሚዛመድ ንጽሕናን ያስባል። ፈትሐ ማለትም ፈታም ፈረደም ይሆናል፤ ስለዚህ እስረኛን የሚያስፈታው ፍትሕና ካህኑ በኃጢአተኛው ላይ «ይፍታሕ» የሚለው ቃል ከአንድ ሥር ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ስለ ሁለቱ ሴቶች በጻፈው መልእክት፥ ከባሪያይቱ ተለይታ የቆመችው በአማርኛው መጽሐፍ ጨዋይቱ ተብላለች። ያው ጨዋ የሚለው ቃል ዛሬ ሥርዓት ላለው ሰው ይነገራል። እንግዲህ በአማርኛ ነጻነትና ሥርዓት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሥርዓት የሌለው ግን መረን እንጂ ነጻ አይባልም።

እንግሊዛዊው በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ በከተማይቱ ስለሚያልፈው የባሪያ ንግድ ጽፏል። ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ታወጀ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ያን ጊዜ ነጻ ወጣ የተባለው ሰው ያገኘው የሥራ ዕረፍት አልነበረም፤ ልጁ እንዳይሸጥበት፥ በዳኛም ፊት በራሱ ስም እንዲቆም ነው። ይህን ሰው «ፍሪ ሆነ» ማለት መከራውን ማቃለል ነው።

ስለዚህ መምህራን በጉባኤ፥ ሰባክያንም በዐውደ ምሕረት እያንዳንዱን ቃል በየስፍራው ያቁሙት። የነጻነትን ቃል የጣለ ሰው ዋጋውን ይረሳል፤ ዋጋውን የረሳም ተመልሶ ቢታሰር መታሰሩን አያውቅም።