ትልቅ ድምፅ የግድ ከትልቅ ሣጥን አይወጣም

ኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት የተነሣ ወጣት ስለ ጊታሩ ብዙ ይጨነቃል። ስለ እንጨቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ክሩ ይጠይቃል፤ የሚያውቁትን ያማክራል፤ ወር ሁለት ወር ያሰላስላል። ወደ አምፕሊፋየሩ ሲመጣ ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። ቁጥሩ በበዛ መጠን ዕቃው የተሻለ ይመስለዋል። በበኩሌ ብዙ ጊታር ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ እንዲለብስ ያደረገው ይኸው ስሕተት ነው እላለሁ።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በያዝሁ ጊዜ የመጀመሪያውን የእቁብ ዕጣዬን ይዤ ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር ገዛሁ። የምኖረው አያት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ሣጥኑን ከጓደኛዬ ጋር ተሸክመን ስንወጣ በየፎቁ ዐረፍን። አስገብተን የድምፁን ቁልፍ ከ1 ወደ 2 ባዞርሁ ጊዜ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ጥቂት ቆይቶ በር ተንኳኳ፤ ከበታቻችን የሚኖሩት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ጨዋታህስ ደስ ይላል፤ ግን እዚህ ማዶ ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች አሉ» አሉኝ። ከፊት ለፊታችን ካለው ብሎክ ሰው መሞቱን አልሰማሁም ነበር። እሳቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ሣጥን ከ1 በላይ ተከፍቶ አያውቅም፤ በ1 ላይ ሲሆን ደግሞ ድምፁ የበሽተኛ ድምፅ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ጊታሩን ሳልነካው ቀረሁ።

እንግዲህ ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። ዋት ለእስፒከሩ የሚደርሰው ኃይል መለኪያ እንጂ ጆሮ የሚሰማው ድምፅ መለኪያ አይደለም። ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ10 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ለሰው ጆሮ ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። ስለዚህም 50 ዋቱ ከ5 ዋቱ ዐሥር እጥፍ ይጮኻል ብሎ የገዛ ሰው ያገኘው ሁለት እጥፍ ግድም ብቻ ነው። ከ15 ዋት ወደ 30 ዋት መውጣትማ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» ብሎ የሚያልፈው ልዩነት ነው። ይህን ያህሉን ጭማሪ የተሻለ እስፒከር በመምረጥም ማግኘት ይቻላል።

ትንሽ መሆኑስ ይሁን፤ ባለ ቱቦ ይሁን የምለው ለምንድን ነው? የመስታወት ቱቦ አዲስ ነገር አይደለችም። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ድምፅ ለማጉላት መንገድ የከፈተችውን ቱቦ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። የድሮዎቹ ትልልቅ ራዲዮኖች ተከፍተው እስኪናገሩ ድረስ ጥቂት ይቆዩ የነበረው ቱቦዋ እስክትሞቅ ነበር። በውስጧ የጋለ ብረት አለ፤ ከእርሱ የሚነሡት ኤሌክትሮኖች ወደ ማዶው ሰሌዳ ሲሄዱ በመካከል ወንፊት መሰል ሽቦ ያገኛሉ። ከጊታሩ የመጣው ደካማ ምልክት በዚያ ወንፊት ላይ ሲያርፍ ትልቁን ፍሰት እንደ ፈቃዱ ያበዛዋል፣ ያሳንሰዋል፤ የመስኖ ገበሬ በአንድ አካፋ አፈር ቦዩን እንደሚመልሰው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ራዲዮኑም ቴሌቪዥኑም ቱቦን እየተዉ ሄዱ። ብዙ ጊታር ተጫዋቾች ግን እስከ ዛሬ አልተዉአትም። ምክንያቱም ናፍቆት ብቻ አይደለም። ተራው ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁን ጫፍ በቢላዋ እንደ መቁረጥ በድንገት ይቆርጠዋል፤ ቱቦዋ ግን ጫፉን ቀስ በቀስ እያጎበጠች ታለዝበዋለች። ከዚህም የተነሣ ክሩን በለስላሳው ሲነኩት ጥርት ያለ፣ ጠንከር አድርገው ሲመቱት የተቆጣ ድምፅ ትሰጣለች። ዳሩ ግን ይህ ጠባይዋ በሙሉ የሚወጣው ቁልፉ ከፍ ሲልና ቱቦዋ በሚገባ ስትሠራ ነው። ባለ 100 ዋቱን በመኝታ ቤት ውስጥ በ1 ላይ ማኖር ሰጋር ፈረስ ገዝቶ ከጓሮ አስሮ እንደ ማዋል ይቆጠራል።

ትንሽ ዕቃ የትንሽ ሰው ዕቃ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የአሜሪካው የፌንደር ኩባንያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቻምፕ የምትባል 5 ዋት ግድም የምትሰጥ አምፕሊፋየር ይሠራ ነበር። ለኃይል አንዲት ቱቦ፣ ባለ 8 ኢንች እስፒከርና አንዲት የድምፅ ቁልፍ ብቻ ነበሯት። የታሰበችውም ለጀማሪ ተማሪ ነበር። ይሁን እንጂ የተማሪዋ ዕቃ ቀስ በቀስ ወደ ስቱዲዮ ገባች፤ ማይክሮፎን ከፊቷ ሲቆምላት ሸክላ ላይ እንደ ትልቅ ሆና ትሰማለችና።

በእኛም አገር ቢሆን የጊታር ክብሩ በጩኸት ብዛት አልተለካም። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። የዚያ ባንድ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረው ሰላም ሥዩም የሚደነቀው ቦታውን ጠብቆ በመጫወቱ ነው። ትዝታን ወይም አምባሰልን በጊታር ለመጫወት የሚሞክር ወጣት የሚቸገረው ድምፅ በማነሱ ሳይሆን፣ ዘፋኙ በጉሮሮው የሚያደርገውን ማባበልና ማንከባለል በጣቱ ማድረግ ስለሚያቅተው ነው። ለጣት የምትታዘዝ አምፕሊፋየር ይህን ታስተምራለች፤ ጣትም ሲሳሳት ትናገራለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ከጣት ከወጣ ዋት አይገድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ትንሽ ማለት ዝምተኛ ማለት አይደለም። 5 ዋት ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንድ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፤ የኮንዶሚኒየምን ስስ ግድግዳ ያለ ችግር ያልፋል። ስለዚህ በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው ኃይሏን ወደ 1 ዋት ወይም ከዚያ በታች የምታወርድበት ማብሪያ ያላትን ቢመርጥ ይበጀዋል። ለምሳሌ ያህል ማርሻል ከሠራቸው መካከል ከ1 ዋት ወደ 0.1 ዋት የምትወርድ አለች። በሌላ በኩል ከበሮ መቺ ካለበት ባንድ ጋር ጥርት ያለ ድምፅ ይዞ መጫወት የሚፈልግ ሰው 5 ዋት አይበቃውም፤ እርሱ 15 ዋት ግድም ይፈልግ። ከዚያ በላይ ለሆነ አዳራሽ ግን ማይክሮፎን ከፊቷ ማቆም እንጂ ሣጥን ማሳደግ አያስፈልግም።

«በዚህ ዘመን በኮምፒዩተርና በማዳመጫ ሁሉንም ድምፅ ማግኘት ሲቻል ስለ መስታወት ቱቦ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚለኝ አይጠፋም። ነገሩ እውነትነት አለው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ ጊዜ ለሚያገኝ ሠራተኛ ማዳመጫው ይሻለዋል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ነገር ግን በማዳመጫ ብቻ የተማረ ሰው ክፍሉን በድምፅ መሙላትን፣ ከሌላ ተጫዋች ጋር መደማመጥንም ሳያውቅ ይቀራል። ሙዚቃ በመካከላችን ባለው አየር የሚያልፍ ነገር ነው።

ለመግዛት የቆረጠም ጥቂት ነገሮችን ይመልከት። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ የአሜሪካው ግን 120 ቮልት ነው። አንድ ጓደኛዬ ዘመዱ ከዋሽንግተን ያመጣለትን ዕቃ ሳያይ ሰክቶ ፊውዙን በቅጽበት አቃጥሎታል፤ ሌላው ሳይነካ መትረፉ ዕድል ነው። ስለዚህ ከጀርባው የተጻፈውን ማንበብ፣ 120 ቮልት ከሆነም በቂ ትራንስፎርመር መያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛም አንዲት የኃይል ቱቦ ብቻ ያላት አብዛኛውን ጊዜ ቱቦዋ ስትለወጥ የባለሙያ ማስተካከያ አትጠይቅም፤ ይህም ቱቦ የሚያውቅ ባለሙያ በቅርቡ ለማያገኝ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛም እስፒከሩ ሳይያያዝ ፈጽሞ አትከፈት፤ ተነቅላም ቢሆን በውስጧ 300 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል የማያውቅ ሰው አይፍታት።

በመጨረሻም ክብደቷን በእጅ አንሥቶ መመዘን ነው። እኔ ትልቁን ሸጬ የገዛኋት ባለ 5 ዋት 10 ኪሎ አትሞላም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአያት ተነሥቼ መገናኛ አጠገብ ወደምንለማመድበት ቤት ስሄድ በአንድ እጄ እርስዋን፣ በጀርባዬ ጊታሩን ይዤ ታክሲ እገባለሁ፤ የሚያጉረመርም ተሳፋሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ያ ትልቁ ሣጥን ከእኔ ጋር በነበረበት ጊዜ ሁሉ ከደጃፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ጎረቤት ሂዱ። በየትኛው ሰዓት ብትጫወቱ እንደማይረበሹ ጠይቁ፤ ቤታችሁን እዩ፤ ደረጃችሁን ቁጠሩ። እኔ ከበታቻችን ካሉት እናት ጋር ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ተስማምተናል፤ ለቅሶ ሲኖርም አስቀድመው ይነግሩኛል። ለመድረክ ሕልማችን ብለን ሳይሆን ዛሬ ለምንጫወትበት ክፍል እንግዛ። በየቀኑ አንድ ሰዓት የምትከፈት 5 ዋት፣ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ለብሶ ከሚቀመጥ 100 ዋት ትበልጣለችና።