እጮኛ ነሽ ወይስ ሚስት?



በዚህ እትም ብዙ ወላጆችና እጮኛሞች የሚጠይቁኝን አንድ ጉዳይ ላነሣ እወዳለሁ። አንዱ በውጭ አገር፣ ሌላው በአገር ቤት ሲሆኑ አብረው ለመኖር በየትኛው መንገድ ያመልክቱ? ጥያቄው የወረቀት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ፎርሙ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው "እናንተ ለእርስ በርሳችሁ ምንድን ናችሁ?" ብሎ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የቡናው ለቀማ ሊያበቃ ሲል፣ እዚህ ወርቃ ቤታችን አንዲት እኅት ከአባቷ ጋር መጣች። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። እጮኛዋ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ወንድም ነው፤ ለአንድ ወር ፈቃድ መጥቷል። አባቷ እንዲህ አሉ፦ "ሠርጉ በቤተ ክርስቲያን ይሁን፤ ፓስተርም ቃል ኪዳን ያስገባቸው። የጋብቻ ወረቀት ግን አይሰጥ፤ ቀበሌም አይመዝገብ። ለኤምባሲ እጮኛ ነኝ ትላለች። በእጮኛ ቪዛ ቶሎ ይሄዳል ተብለናል።"

ልጅቷ ስኒዋን እያዞረች ዝም አለች። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አልኳት። "እትዬ፣ ኤምባሲው መስኮት ፊት የምቆመው እኔ ነኝ" አለችኝ።

ባለቤቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት ስለ መንገዶቹ የሚያውቁትን ጠየቅን። ያወቅነውን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ለአሜሪካ ዜጋ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የእጮኛ ቪዛ (ኬ-1) ነው። በዚህ ማመልከት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው አይችልም። ሁለቱም ያላገቡ መሆን አለባቸው፤ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥም በአካል መገናኘታቸውን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። እጮኛዪቱ አሜሪካ በገባች በ90 ቀን ውስጥ ያመለከተላትን ያንኑ ሰው ታገባለች፤ ከዚያም ለመኖሪያ ፈቃድ እንደገና ታመለክታለች።

ሁለተኛው የትዳር ጓደኛ ቪዛ ነው። አስቀድመው ይጋባሉ፣ ከዚያ ባል ለሚስቱ ያመለክታል፤ ስትገባም በመኖሪያ ፈቃድ ትገባለች። ግሪን ካርድ ያለውም ለሚስቱ ማመልከት ይችላል፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚስተናገደው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ወረፋ አለው። በሁለቱም መንገድ ትዳሩ 2 ዓመት ሳይሞላው የሚሰጠው ፈቃድ ለ2 ዓመት ብቻ ነው፤ ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት አብረው እንዲጸና ያመለክታሉ። እኅቴ ሆይ፣ በዚያ ጊዜ ባልሽ ቢደበድብሽ ለወረቀት ብለሽ ዝም እንድትዪ ሕጉ አያስገድድሽም፤ ብቻሽን የምታመለክቺበት መንገድ አለ።

ወደ ካናዳ የምታስቡ ደግሞ ይህን ዕወቁ። በካናዳ የእጮኛ ቪዛ የሚባል የለም። ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ጀምሮም በውክልና ወይም በስልክ የተፈጸመን ጋብቻ ለዚህ ጉዳይ አይቀበሉም፤ ሁለቱም በአካል ተገኝተው መጋባት አለባቸው። ካናዳ ውስጥ አብረው የሚኖሩ እዚያው ሆነው ማመልከት ይችላሉ፤ ሚስት አገር ቤት ካለች ግን ማመልከቻው ከካናዳ ውጭ ባለችበት ይሄዳል። ከካናዳ ውጭ የሚኖር የካናዳ ዜጋ ተመልሶ እዚያ እንደሚኖር ካስረዳ ለሚስቱ ማመልከት ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ቋሚ ነዋሪ ግን ሲያመለክት ካናዳ ውስጥ መኖር አለበት።

አሁን ወደዚያች እኅት ልመለስ። ችግሩ ምን ነበር? ብዙዎቻችን ቀበሌ ያልተመዘገበ ሠርግ በሕግ አይቆጠርም ብለን እናስባለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ለሚፈጸሙት ለሦስቱም ጋብቻዎች ዕውቅና ይሰጣል። ስለዚህ በጉባኤ ፊት ቃል ኪዳን ከገባች ወረቀት ባይኖራትም ሚስት ናት። የእጮኛ ቪዛ ደግሞ ላላገባ ሰው ነው። ቬሎ ለብሳ የተነሣችው ፎቶ ብቻ ቆንስላውን ሊያጠራጥር ይችላል። ሆን ብሎ ማታለል ከተገኘ ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል፤ ምሕረት የሚጠየቅበትም መንገድ ጠባብ ነው። በካናዳ 5 ዓመት ያስከለክላል።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ አባታችን አብራም ነው (ዘፍ. 12)። ራብ ሆነና ወደ ግብፅ ወረደ። ድንበሩ ሲቀርብ ፈራ፤ ሦራንም እኅቱ ነኝ እንድትል ለመናት። ነገሩ ፍጹም ውሸት አልነበረም፤ የአባቱ ልጅ እንደ ነበረች በኋላ ራሱ ተናግሯል (ዘፍ. 20)። ግማሽ እውነት ነበር። ዋጋውን ግን ማን ከፈለ? አብራም በግና አህያ ሲያገኝ፣ ወደ ፈርዖን ቤት የተወሰደችው ሦራ ናት። እግዚአብሔር በምሕረቱ አወጣቸው እንጂ አብራም አላዳናትም። ወንድሜ ሆይ፣ በድንበር ላይ የተነገረ የባል ግማሽ እውነት ዕዳው ሚስት ላይ ይወድቃል።

ባለቤቴም ለአባቷና ለልጁ እንዲህ አላቸው፦ "ሁለት ንጹሕ መንገድ አላችሁ። እጮኛ መሆን ከፈለጋችሁ እጮኛ ሁኑ፤ እንጸልይላችኋለን፣ ሠርጉ እዚያ ይሆናል፣ እስከዚያም በቅድስና ትጠብቃላችሁ። ሚስት ትሁን ካላችሁ ደግሞ ሚስት ናት፤ በጉባኤ ፊት እንድራታለን፣ ቀበሌ ይመዘገባል፣ ወረቀቱም ይሰጣል። በቤተ ክርስቲያን ሚስት፣ በኤምባሲ እጮኛ የሚል ሠርግ ግን አልባርክም።"

ሁለቱ ሌሊቱን ተነጋግረው ሁለተኛውን መረጡ። አባትም ልጃቸው ሳትዳር ከቤት ብትወጣ አይወዱም ነበር። ሠርጉ ሆነ፣ ተመዘገቡ። ባል ተመልሶ ሄዶ አመለከተላት።

እዚህ ላይ "ወዲያው ቪዛው መጣ" ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን አልመጣም። በጥር 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ማቆሙን አስታወቀ። አባቷ ቤታችን መጥተው፣ "እውነቱን ተናግረን ቀረን፤ ያኔ በእጮኛ ሄደን ቢሆን..." አሉ። የሚያጽናና ፈጣን መልስ አልነበረኝም፤ አብሬያቸው አለቀስሁ። ልጅቷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ "እትዬ፣ ብጠብቅም ሚስቱ ሆኜ ነው የምጠብቀው። ለፋሲካ ሲመጣ ማንንም ሳንፈራ አብረን ወጣን ገባን። መስኮቱ ፊት ስቆምም የምረሳው ነገር የለኝም።" ይህን በምጽፍበት ጊዜ ገና እየጠበቀች ነው። ጸልዩላት።

እውነት መናገር ቪዛ ያፋጥናል ብዬ አላስተምራችሁም። የመንግሥታት በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዛሬ ፈጣን የተባለው መንገድ ነገ ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት የወቅቱን ደንብ ከኤምባሲው አጣሩ። ትዳራችሁን ግን በፍጥነቱ ላይ አትመሥርቱ።

ከመምረጣችሁ በፊት ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ እነዚህን ተጠያየቁ፦ ዛሬ በእግዚአብሔርና በጉባኤ ፊት ምንድን ነን? ሠርጋችንን የት፣ በማን ፊት እንፈልጋለን? ስንት ጊዜ ተለያይተን መቆየት እንችላለን? ከዚህ በፊት የነበረ ትዳር ወይም የተወለደ ልጅ ሳንነግር የቀረን አለ? ለካናዳ የምታመለክቱ በተለይ ይህን አትለፉ፤ ያልተነገረ ልጅ በኋላ ወላጁ ሊወስደው ሲፈልግ ሊከለከል ይችላል። ስፖንሰር የሚሆነውም ፊርማው ከባድ መሆኑን ይወቅ፤ በአሜሪካም ሆነ በካናዳ መፋታት እንኳ ግዴታውን አያስቀርም።

የሚያማክራችሁ ዘመድ "እንዲህ በሉ" ሲላችሁ፣ ቃሉን የሚናገረው ማን እንደሆነ አስቡ። ጌታ በተራራው ስብከቱ ቃላችን ግልጽ አዎን ወይም ግልጽ አይደለም እንዲሆን አስተምሮናል (ማቴ. 5፥37)። በወርቃ የሆናችሁትን በኤምባሲው መስኮትም ሁኑ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።