ውሃ የሚጠማው ልጅ

በዚህ ወር ስለ ስኳር በሽታ ልጽፍ ብዕር ባነሣ የራሴ ጥፋት በፊቴ ቆመ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንዝ ሳስተምር የ13 ዓመት ልጅ የሆነ ትጉህ ተማሪ ነበረኝ። ይህ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሽንት ይወጣ፣ በዚያውም ከምንጩ ውሃ አብዝቶ ይጠጣ ጀመር። እኔም ስንፍና መስሎኝ በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት፤ መውጣትም ከለከልሁት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልብሱ እስኪሰፋው ድረስ ከሳ። ወላጆቹ «ዐይን በልቶት ነው» አሉ። በመጨረሻ እያስታወከና በኀይል እየተነፈሰ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ደረሰ። ደሙ ሲመረመር ስኳሩ እጅግ በዝቶ ተገኘ።

የምንበላው እንጀራ በሆዳችን ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ይዞራል። ይህን ስኳር ከደም ወደ ሰውነታችን የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰው እየበላ ይራባል፤ ስኳሩም ውሃውን አስከትሎ በሽንት ይወጣል። ጥማቱና ክሳቱ ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ «የሀብታም በሽታ ነው» ማለት ስሕተት ነው። በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚበዛው ዐይነት ያለ ጥፋታቸው የሚመጣ ነው። በጎልማሶች የሚበዛውን ሌላውን ዐይነት ግን በእግር በመሄድ፣ ምግብን በመመጠን፣ ከጣፋጭ መጠጥና ከውፍረት በመጠበቅ በብዙው መከላከል ይቻላል።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ተስፋ አልነበረውም። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንሱሊን ታክሞ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። የእኔም ተማሪ በዚሁ መድኃኒት ድኖ ወደ ቤቱ ገባ።

ነገር ግን ጾመ ፍልሰታ ሲደርስ ቤተ ሰቡ «መርፌ ጾም ያስገድፋል፤ ጸበሉ ይበቃዋል» ብለው አስተዉት። በሦስተኛው ቀን ልጁ ዳግመኛ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ የነፍስ አባታቸው ቤታቸው መጥተው፣ «ልጆቼ፤ ፍትሐ ነገሥት እንኳ ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያወጣዋል። መርፌውም መብል አይደለም። ጸበሉን ይጠጣ፤ መርፌውን ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳታስቀሩበት» አሏቸው።

ስለዚህ መርፌ የሚወጋ ሰው ከሐኪሙና ከነፍስ አባቱ ሳይማከር አይጹም። መርፌውን ወግቶ ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ እጅግ ሊወርድ ይችላልና፤ ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው ብታዩ፣ መዋጥ ከቻለ፣ ማር ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ፈጥናችሁ ስጡት። መድኃኒቱንም ከምድጃና ከፀሐይ አርቃችሁ በቀዝቃዛ ስፍራ አኑሩ።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ውሃ ካበዛ፣ ሌሊት ለሽንት ከተመላለሰ፣ እየበላ ከከሳ፣ ሳትዘገዩ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በመሐል ሜዳም፣ በዓለም ከተማም፣ በደብረ ብርሃንም ሆስፒታል አለ። ያስታወከና ትንፋሹ የከበደ ልጅ ግን ለነገ አይባልም።

የሙያ ባልደረቦቼ መምህራንም፤ ውሃ ጠማኝ የሚላችሁን ተማሪ ከመገሠጻችሁ በፊት ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ አንድ ልጅ ልንቀብር ነበር።

እስከሚመጣው ወር በደኅና ቆዩ።